ስልሳ ፊኛና የጋሽ ሰይድ እርሳስ

በዚህች በባሕር ዳር ከተማ ፊኛ መሬት ላይ ለማስቀመጥ የእኔን ያህል የለፋ ሰው ካለ ቤቱን አሳዩኝ፤ ሄጄ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው ላልቅስ። ሰው ፊኛ ይነፋል፣ ይሰቅላል፣ ያፈነዳል። ፊኛ እንዳይሄድ ብሎ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ የአከራዩን ቧንቧ የደፈነ፣ የሰው መረብ ያራቆተ፣ በመጨረሻም አማቱን ከነሱፋቸው ይዞ ጠፋ የተባለ ግን ከእኔ ሌላ አልሰማሁም።

ነገሩ የተጀመረው የአማቴ የጡረታ ግብዣ በታሰበ ጊዜ ነው። አማቴ አቶ ጥሩነህ የዱርቤቴ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ወደ ባሕር ዳር መጥተው ፋብሪካ ገቡ፤ ክር ክፍል ውስጥ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠሩ። ንግግር አይወዱም። ማሽን በሚጮህበት ቤት ሰው ቢናገርም ስለማይሰማ ነገሩን ገና በጧቱ ትተውት ይሆናል። ልጃቸውን ሰብለን ካገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለእኔ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተናግረው አያውቁም። ስገባ ቀና ብለው ያዩኛል፤ ስወጣ ቀና ብለው ያዩኛል፤ በመካከሉ ምን እንደሚያስቡ እግዜር ይወቀው። የሌሎቹ ሁለት ልጆቻቸው ባሎች አንዱ መሐንዲስ ነው፤ አንዱ የጭነት መኪና አለው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። መኪናም ድልድይም የለኝም፤ ያለኝ ጠመኔ ነው።

ግብዣውን የምትመራው የሰብለ ታላቅ እህት የሺ ነበረች። የሺ ሥራ ስታከፋፍል ለእኔ ምንም አልሰጠችኝም። አልፈርድባትም። ባለፈው ፋሲካ በጉን እንድይዝ ታዝዤ በጉ እኔን እየጎተተ ፋሲሎ አስፋልት ዳር አድርሶኛል። እኔም አርፌ ሻዬን እጠጣ ነበር። የዲኮር ሥራ የምትሠራ አንዲት ወጣት ተጠርታ መጥታ፣ በጋዝ የሚንሳፈፍ ስልሳ ፊኛ እንደሚኖር፣ አሥር አሥር ሆነው በስድስት ጠረጴዛ ላይ እንደሚቆሙ አስረዳች። ከዚያ ፊኛዎቹ እንዳይበሩ ከታች የሚታሰሩበትን ክብደት እሷ ታምጣ ወይስ እኛ እናዘጋጅ እንደሆነ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። "ክብደቱን እኔ እሠራዋለሁ" አልሁ።

የሺ ዞር ብላ አየችኝ። መሐንዲሱ አየኝ። ሰብለ ደግሞ መሬት መሬቱን አየች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ነገር ሠርቼ ላሳይ የፈለግሁት በዚያች ደቂቃ ነው፤ ነገሩም ከእጄ የሚያመልጥ አልመሰለኝም። ድንጋይም ሆነ አሸዋ፣ ከበድ ያለ ነገር ማግኘት እንዴት ሰው ያቅተዋል?

ስለ ፊኛው አማቴም ተነገራቸው። ሰብለ ስልክ ደውላ "አባባ፣ ስልሳ ፊኛ ይኖርዎታል" አለቻቸው። ሐኪም ዘንድ የሚመላለሱት በፊኛቸው ምክንያት መሆኑን ረስታው ነበር። እሳቸውም "ስልሳ? እኔን አንዱ መች አስተኛኝ" ብለው ዘጉት።

እኔ በበኩሌ ሥራውን በሳይንስ ጀመርሁ። የተማሪዎቼን ፈተና ገልብጬ በጀርባው ላይ አሰላሁት። አንድ ፊኛ ይህን ያህል ሊትር ይይዛል፤ በውስጡ ያለው ጋዝ ይህን ያህል ይመዝናል፤ የገፋው አየር ይህን ያህል። ቀነስሁ፣ በአሥር አባዛሁ፤ አሥር ፊኛ ከአንድ ኪሎ በላይ ያነሣል የሚል ውጤት መጣልኝ። የጣና ንፋስ ደግሞ የማይታመን ስለሆነ እጥፍ አደረግሁት። ሁለት ኪሎ በስድስት ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመርሁበት።

በመጀመሪያ ወደ ሐይቁ ዳር ሄጄ ድንጋይ መረጥሁ። ድንጋይ መምረጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ያምራል፤ አንሥተው ሲያዩት አንዱ ጎኑ ሾሏል፣ አንዱ አይቆምም፣ አንዱ ሥር እንቁራሪት አለ። ግማሽ ቀን ፈጅቼ ስድስት ቆንጆ ድንጋይ አገኘሁ፤ በወርቃማ ወረቀት ጠቅልዬ በቀይ ሪባን አሰርኋቸውና ለሰብለ አሳየኋት። አገላብጣ አየችውና፣ እንግዳው ስጦታ መስሎት ከፍቶ ድንጋይ ቢያገኝ ምን እንደምንለው ጠየቀችኝ። ድንጋዮቹ ከነወረቀታቸው አልጋ ሥር ገቡ።

ቀጥሎ አሸዋ ሞከርሁ። ጎረቤት ቤት እየሠራ ስለነበር አስፈቅጄ በፌስታል ሞልቼ አመጣሁ። ከአሸዋው ጋር ጉንዳን መጣ። ስለ ጉንዳኑ ብዙ አልናገርም፤ ሰብለ ሁለት ሌሊት ሶፋ ላይ ተኝታለች፤ እኔ ደግሞ ያመጣኋቸው እኔ ነኝና አልጋው ላይ ከእነሱ ጋር ቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጀሶ ሞክር አለኝ። ጀሶ በውኃ ይለወሳል፤ በፈለጉት ቅርጽ ይገባል፤ ሲደርቅ ነጭና ጽዱ ይሆናል። ሰውየው ቶሎ እንደሚይዝም ነግሮኝ ነበር። ቶሎ ማለት ለእኔ ግማሽ ቀን ማለት ነው። ባልዲ ውስጥ ለውሼ፣ አፋቸው የተቆረጠ ስድስት ትልልቅ የውኃ ላስቲክ ጠርሙሶች ደርድሬ፣ መያዣ የሚሆን ሽቦ እያጠፍሁ ሳለ ባልዲው ዝም አለ። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ሲንቦጫረቅ የነበረው ነገር በድንገት ዝም አለ። የሰብለ ጭልፋ መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ብስበው፣ ብጎትተው፣ ባልዲውን በእግሬ ይዤ ብታገለው አልወጣም። እስከ ዛሬም አልወጣም።

ሌላ ባልዲ ለወስሁ። በዚህኛው ላይ ፈጠን አልሁና ስድስቱንም ሞላሁ። የተረፈውን ግቢው ውስጥ ባለው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ደፋሁት፤ ውኃም ለቀቅሁበት፤ ኅሊናዬም ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ላስቲኩን ቀድጄ አወጣኋቸውና በረንዳው ላይ ፀሐይ እንዲመታቸው ደረደርኋቸው። ነጭ ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ አናታቸው ክብ ነው። እኔ ሥራዬን ቆሜ እያደነቅሁ ሳለ የሺ በር ከፍታ ገባች። ስድስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ስም ብቻ ነው የቀረው" አለችኝ። "የአባቴን ስም ጻፍበትና ጨርሰው።"

ዞር ብዬ ሳይ፣ እውነትም የመቃብር ሐውልት ደርድሬአለሁ። የተከበሩ አዛውንት በጡረታ ሲሸኙ በየጠረጴዛው ላይ አንድ አንድ መቃብር። የሺ በረንዳውን ዞራ ሄደች፤ ማታ ላይ ግን ለሰብለ ደውላ ለረጅም ጊዜ አወራች። ሰብለ ስልኩን ስትዘጋ ምን እንዳለቻት ጠየቅኋት። "ምንም" አለችኝ። ባልና ሚስት መሐል "ምንም" ምን እንደሆነ ያገባ ያውቀዋል።

የአከራያችን የእማማ ዘውዴ ጩኸት የተሰማው በነጋታው ነው። ገንዳው ሞልቶ ግቢው በሳሙና ውኃ ተጥለቅልቋል። ቧንቧ ሠሪ መጣ፤ ቆፈረ፤ ቧንቧውን ሰብሮ ክንድ የሚያህል ነጭ ዘንግ መዝዞ አወጣ። እንደ ጧፍ የቀና፣ የሚያምር ነገር ነበር። ከሠራኋቸው ሁሉ ቅርጹ የተስተካከለው እሱ ብቻ ነው። እማማ ዘውዴ አልሰደቡኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዘንጉን ወስደው በራቸው ላይ አቆሙት። እስካሁንም እዚያው ነው፤ ምንነቱን ለጠየቀ እንግዳ ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምረው ያስረዳሉ።

ግብዣው ሁለት ቀን ሲቀረው ተስፋ ቆርጬ ወደ ጋሽ ሰይድ ሄድሁ። ጋሽ ሰይድ ሐይቁ ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ጀልባም ይሠራሉ። ልጃቸውን ሐያትን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ፊዚክስ አስጠንቻት ስለነበር ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ እንደ ዘመድ ነው። የሄድሁት ለምክር ብቻ ነበር። ግን መረባቸውን ዘርግተው እየጠገኑ አገኘኋቸው፤ በመረቡ የታችኛው ጠርዝ ላይ መረቡን ወደ ውኃው የሚያሰጥሙት እርሳሶች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል። ትንንሽ ናቸው፣ ከባድ ናቸው፣ ከረጢት ውስጥ ቢገቡ ማንም አያያቸውም። ዓይኔ እዚያ ላይ ቀረ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

አሥራ ሁለት ኪሎ እንደሚያስፈልገኝ ስነግራቸው ጋሽ ሰይድ መረቡንም እኔንም ደጋግመው አዩ። አሥራ ሁለት ኪሎ ማለት አንድ መቶ ሃያ ፍሬ ነው፤ አንድ መቶ ሃያ ፍሬ ማለት ደግሞ መረቡ በሙሉ ነው።

"ሌላ መረብ የለኝም" አሉኝ። "የሚያበላን ይሄ ነው። ግን ያስተማርሃት ልጅ እዚህ ቤት አለች፤ እምቢ ብልህ ዓይኗን ምን ብዬ አየዋለሁ? ቅዳሜ ጧት መረቡን ሳወጣ ፈትቼ እሰጥሃለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካመጣህልኝ፣ ኢንሻአላህ አስሬ ጀንበር ሳትጠልቅ እጥለዋለሁ።"

ቃል ገባሁ። ቤት ገብቼ ለሰብለ "እርሳስ አገኘሁ" አልኋት። እንግዶቹ ሥዕል ሊሥሉበት እንደሆነ ጠየቀችኝ። የቀልድ ድምፅ አልነበረውም።

ቅዳሜ ጧት አንድ መቶ ሃያውን እርሳስ በማዳበሪያ ከረጢት ይዤ ባጃጅ ተሳፈርሁ። ግብዣው ሐይቁ ዳር ባለ መናፈሻ ውስጥ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ከረጢቱን አስፈታኝ። አንዱን አንሥቶ በመዳፉ መዘነው፤ ከእኔ ፊት ጋር አስተያየው፤ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ፊኛ እንዳይበር መሆኑን ነገርሁት። ሌላ ጥበቃ ጠራ። ለእሱም ደግሜ ነገርሁት። ሁለተኛው አንዱን ፍሬ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ "ዓሣ ዓሣ ይላል" አለ። ይህ እውነት ነበር፤ ነጻ ያወጣኝም እሱ ነው።

የዲኮሯ ልጅ ፊኛዎቿን ነፍታ ጨርሳ ጠበቀችኝ። ከረጢቱን በሁለት እጄ ታቅፌ እያማጥሁ ስመጣ አየችና ደነገጠች።

"ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው? እኔ ሁሌ አንዳንድ ጠርሙስ ለስላሳ ላይ ነው የማስረው። ባለፈውም ለስድስት ጠረጴዛ ስድስት ሚሪንዳ ነው የተጠቀምኩት።"

ከዛፍ ጥላ ሥር ሄጄ በናፕኪን ላይ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። ነጥቧን አንድ ቤት ወደ ቀኝ አሻግሬአታለሁ። አሥር ፊኛ የሚያነሣው አንድ መቶ ምናምን ግራም ነው፤ የቤት ቁልፍ ከነመያዣው ይበቃዋል። ልጆች በፈተና ላይ ነጥብ ሲስቱ ሁለት ሁለት ማርክ የምቀንስ ሰው እኔ ነኝ። ድንጋዩን፣ ጉንዳኑን፣ ጭልፋውን፣ የእማማ ዘውዴን ቧንቧ፣ የጋሽ ሰይድን ራቁት መረብ አሰብሁ። ናፕኪኑን አጣጥፌ ዋጥሁት ብላችሁ አታምኑኝም፤ አልዋጥሁትም፤ ግን አፌ ድረስ ወስጄዋለሁ።

እንግዳ መግባት ስለጀመረ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። እርሳሱን ሃያ ሃያ አድርጌ እጀታ ባላቸው ስድስት የሚያማምሩ የወረቀት ከረጢቶች ውስጥ ከተትሁ፤ የፊኛዎቹን ሪባን እጀታዎቹ ላይ አጥብቄ አሰርሁ፤ በየጠረጴዛው አስቀመጥሁ። ቆንጆ ነበር። የሺ እንኳ በአጠገቤ ስታልፍ ምንም አላለችም፤ ከእሷ ይህ ምስጋና ነው። ችግሩ ሽታው ብቻ ነበር። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጠረጴዛው ሁሉ ዓሣ ዓሣ ማለት ጀመረ። የፋብሪካው አዛውንቶች ዓሣው መቼ እንደሚቀርብ አስተናጋጁን ይጠይቁት ጀመር። አስተናጋጁ ዓሣ እንደሌለ ሲነግራቸው አላመኑትም፤ ለዋናዎቹ እንግዶች ተደብቆ ነው ብለው ተቀየሙ።

አሥር ሰዓት ላይ አማቴ እንዲናገሩ ተጠየቁ። ልጆቻቸው ያለበሷቸውን አዲስ ሱፍ እንደ ተበደሩት ነገር ይዘውት ተነሡ። የሺ ጽፋ የሰጠቻቸው ሦስት ገጽ ንግግር በእጃቸው ነው። ማንበብ እንደ ጀመሩ ከሐይቁ ንፋሱ ተነሣ።

አሁን ስለ ሥራዬ በእርጋታ ላስረዳችሁ። ከታች ሁለት ኪሎ እርሳስ አለ፤ ከላይ አሥር ፊኛ አለ፤ በመካከላቸው ያለው ወረቀት ነው። ለአህያ የሚበቃ ክብደት አዘጋጅቼ በወረቀት እጀታ ላይ አስሬዋለሁ።

የመጀመሪያው እጀታ ጠስ ብሎ ተቀደደ። አሥር ፊኛ እጀታቸውን እንዳንጠለጠሉ ከፋብሪካው አዛውንቶች ጠረጴዛ ተነሥተው በአማቴ አናት ላይ አለፉ። ሰው ሁሉ ቀና አለ። አማቴ አላቆሙም፤ ማንበባቸውን ቀጠሉ። "በሥራ ዘመኔ ያልተለዩኝን ባልደረቦቼን" ሲሉ ሁለተኛው ሄደ። እኔ ዘልዬ ሦስተኛውን ልይዝ ስል ክርኔ ብርጭቆ መታ፤ ብርጭቆው የመሐንዲሱ ጭን ላይ ተደፋ፤ ሦስተኛውም አመለጠኝ። አራተኛውና አምስተኛው አብረው ተነሡ። "ከጎኔ ያልጠፉትን ቤተሰቦቼን" የሚለው ቦታ ሲደርሱ ስድስተኛው፣ የቤተሰቡ ጠረጴዛ ላይ የነበረው፣ ጠስ አለና ሄደ። ስልሳውም ከዘንባባዎቹ በላይ ሆነው ወደ ከተማው አቀኑ። ጠረጴዛዎቹ ላይ ስድስት የተቀደዱ ከረጢቶችና የግራጫ እርሳስ ክምር ቀረ።

አማቴ ከወረቀታቸው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ቀሪውን ገጽ አጠፉት።

"እንግዲህ ሄዱ" ብለው ተቀመጡ።

ሰው አጨበጨበ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። የሺ አላጨበጨበችም። ሰብለ በሻሽዋ ጫፍ አፏን ይዛ ነበር፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልሁም፤ ጠጋ ብዬ ለማየትም ድፍረቱን አጣሁ።

ሰዓቴን ሳይ አሥራ አንድ ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ይላል። የገባሁት ቃል ትዝ አለኝ። ሰው ኬክ ወደሚቆረስበት ሲሄድ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ በየጠረጴዛው ሥር እርሳስ እለቅም ጀመር። አራተኛው ጠረጴዛ ሥር ስደርስ ከፊቴ አዲስ ጥቁር ጫማ ቆሟል። ቀና ስል አማቴ ናቸው።

"ምንድን ነው የምትለቅመው?"

"እርሳስ ነው፣ አባባ።"

"የማን?"

"የአንድ ዓሣ አጥማጅ። የመረቡ ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት ካልመለስሁለት ዛሬ መረብ አይጥልም።"

ዞር ብለው ኬኩን የከበበውን ሰው አዩ። የሺ ቢላዋ ይዛ በዓይኗ እየፈለገቻቸው ነው። ከዚያ ሐይቁን አዩ። ጎንበስ ብለው ከረጢቱን በአንድ ጎኑ ያዙ።

"ና፣ እንሂድ" አሉኝ።

"ኬኩስ፣ አባባ? እርስዎን እየጠበቁ ነው እኮ።"

"ኬኩ አይበርም።"

በጓሮ በር ወጣን። የሐይቁን ዳር ይዘን ከረጢቱን ግራና ቀኝ ተሸክመን ሄድን። አልተናገሩም፤ እኔም አልተናገርሁ። ስልኬን ለንግግሩ ብዬ ድምፁን አጥፍቼው ስለነበር እሱም አልተናገረም።

ጋሽ ሰይድ መረቡን ዘርግተው ፀሐይዋን እያዩ ጠበቁን። ሁለት ፍሬ ጎድሎ ነበር፤ አንገቴን ደፍቼ ነገርኋቸው። "ዓሣው አይቆጥርም" አሉና ለሦስት ማሰር ጀመርን። አማቴ የአዲሱን ሱፍ ኮት አውልቀው አሸዋው ላይ ጣሉ፤ እግራቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ የኖሩ ጣቶች እንዴት እንደሚሄዱ ያን ጊዜ አየሁ። እኔ አንዱን ሳስር እሳቸው አምስት ያስራሉ። ትንሽ ቆይተው የእኔን መስመር ከመጀመሪያው ጀምረው እየፈቱ እንደገና ያስሩት ጀመር። እኔም ማሰሬን አላቆምሁም፤ ሌላ የማደርገው ነገር አልነበረኝም።

ሲጨርሱ ጋሽ ሰይድ መረቡን ጀልባው ላይ ጫኑ። አማቴ ቆመው ሐይቁን አዩ።

"ሠላሳ አምስት ዓመት በሥራ መውጫዬ አየዋለሁ" አሉ። "አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም።"

ለጋሽ ሰይድ ይሁን ለእኔ የተናገሩት እንጃ፤ ግን እኔ ፊት የተናገሩት ረጅሙ ነገር ይኸ ነው። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘረጉላቸው። እሳቸውም ገቡ። እኔ ዋና አልችልም። ውኃ ላይ መሆን ያጥወለውለኛል። ግን የስልሳ ዓመት ሽማግሌ አማቴን ጀልባ ላይ አስገብቼ ብቻዬን ብመለስ የሺ ምን እንደምታደርገኝ ስለማውቅ ተከትዬ ገባሁ።

ጋሽ ሰይድ ይቀዝፋሉ፤ አማቴ መረቡን ይለቃሉ፤ ለእኔ የተቆረጠ ጄሪካን ተሰጥቶኝ ከጀልባው ወለል ውኃ እቀዳለሁ። ወደ ደቅ ደሴት የምትሄድ አንዲት ጀልባ ከሩቅ አለፈች፤ ማዕበሏ መጥቶ አወዛወዘን፤ በላሁት የግብዣ ምግብ ላይ ምን እንደ ደረሰ አልነግራችሁም። ከሸምበቆው በኩል አንድ ጉማሬ አናቱን አውጥቶ ተመለከተንና ተመልሶ ገባ፤ የት እንደ ገባ ግን አላሳየንም። አማቴ ሸሚዛቸው በስብሶ፣ ዓይናቸው ውኃው ላይ እንደ ሆነ፣ ያንጎራጉሩ ጀመር።

ስንመለስ ጀንበር ልትገባ ትንሽ ቀርቷታል። ዳሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። የሺ አለች፤ ሰብለ አለች፤ ባለ መኪናው አለ፤ መሐንዲሱ ጭኑ እንደ ረጠበ አለ። በጓሮ በር ስንወጣ ያየን ጥበቃ ነው የመራቸው፤ "ከረጢት የያዘው ሰውዬ ሽማግሌውን ይዟቸው ሄደ" ብሎ። ስልኬን ሳወጣ ሠላሳ አንድ ያመለጠኝ ጥሪ አለ።

የሺ በዝግታ ነው የተናገረችው። አባታቸው በክብር ቀናቸው፣ ገና ኬክ ሳይቆርሱ፣ በማን ምክር ሐይቅ እንደ ገቡ ማወቅ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። አማቴን አየኋቸው። አንድ ቃል እንዲናገሩልኝ፣ "እኔ ነኝ ያልሁት" እንዲሉልኝ። እሳቸው ከጀልባው ወረዱ፤ የበሰበሰ ጫማቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝና በባዶ እግራቸው ወደ መኪናው ሄዱ። ጫማውን ታቅፌ ቀረሁ።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ አታስታውሱኝ። የሺ አላናገረችኝም። ሰብለ ለቤት ጉዳይ ብቻ ነበር የምታናግረኝ። ዓርብ ዕለት ስልኬ ጮኸ፤ አማቴ ናቸው። ደውለውልኝ አያውቁም። ሰው የሞተ መስሎኝ ተነሥቼ ቆምሁ። "ነገ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ" አሉኝና ዘጉት።

ሄድን። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ሄድን። ይኸው ሦስት ወር ሊሞላን ነው። ጋሽ ሰይድና እሳቸው ተስማምተዋል፤ እሳቸው መረቡን ይጠግናሉ፣ ይጥላሉ፣ ይስባሉ። እኔ ውኃ እቀዳለሁ፤ ያጥወለውለኛል፤ ደግሞ እቀዳለሁ። ክረምቱ ገብቶ ሐይቁ ተቆጥቷል። የተማሪ ፈተና አርማለሁ ብያለሁ፤ ጉንፋን ያዘኝ ብያለሁ፤ አልተሰማሁም።

ባለፈው ሳምንት ግን ሰብለን ለመንኋት። አባትሽ ናቸው፣ በእኔ ቦታ አንቺ ሂጂ፣ እኔ ውኃ አልችልም፤ ይገድለኛል አልኋት። አዘነችልኝ። ሐሙስ ዕለት እራት ሊበሉ ቤታችን ሲመጡ፣ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ከበሩ ጀርባ ስሰማ፣ ነገሩን አነሣችላቸው። ጀልባዋ ጠባብ ናት፤ ከነገ ወዲያ እኔ ልምጣ፣ እሱ ይረፍ አለቻቸው።

አማቴ ውኃ ሲጠጡ፣ ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ ሰማሁ።

"አንቺ ሌላ ጊዜ" አሏት። "እሱን ለምጄዋለሁ።"

ወጥ ቤቱ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ ማንቂያውን ለቅዳሜ ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ሞላሁት።